የስልሳ አንዱ ስም ጠሪ ሻምበል ባሻ ገሰሰ ወልደሰንበት ማረፋቸውን ስለማስታወቅ

በፍራንክፈርትና አካባቢዋ የምንኖር የቀድሞው የወይራ አምባ ተጠባባቂ መድፈኛ ሬጅመንት አባላት ማኅበር፣ መሥራቻችንና ስም ጠሪያችን ሻምበል ባሻ ገሰሰ ወልደሰንበት ባለፈው ማክሰኞ ቦርንሃይም በሚገኘው የአረጋውያን መኖሪያ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላት፣ ለቤተሰቦችና ለወዳጆች ሁሉ የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሐዘናችን ስለ እሳቸው ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን መግለጽ ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

ሻምበል ባሻ ገሰሰ በ1969 ዓ.ም. ሬጅመንቱ ከወይራ አምባ መምህራን፣ ሸማኔዎችና ገበሬዎች ሲቋቋም በመጀመሪያው ቀን ተመዘገቡ። የሒሳብ መምህር ስለነበሩ የተኩስ ስሌት ተሰጣቸው። በሬጅመንቱ ልማድ እያንዳንዱ መድፍ የሚሰየመው በምድቡ አንጋፋ ወታደር እናት ስም ነበርና፣ የእሳቸው መድፍ «ገላነሽ» ተብላ እስከ መጨረሻው ተጠራች።

በ1983 ዓ.ም. ሬጅመንቱ ሲበተን መዝገብ ቤቱ ተቃጠለ። የሞቱት የስልሳ አንድ ጓዶቻችን ስም በየመድፋቸው ተራ የቀረው በሻምበል ባሻ ገሰሰ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ማኅበሩን መሠረቱ። በከተማው መሃል ኢነንሽታት ውስጥ በጽዳት ሥራ እየደከሙ፣ በየዓመቱ በሬጅመንቱ ቀን ኦስትኤንድ በምንከራየው አዳራሽ ስሞቹን ሃያ አምስት ጊዜ በቃላቸው ጠርተዋል። ሥርዓቱ ይታወቃል፦ ስም ጠሪው ቀኝ እጁን ያነሣል፣ ስሙን ይጠራል፣ እጁን ያወርዳል፤ እኛም ስለ ሟቹ «አለ» እንላለን። ወረቀት አይያዝም። መድፍ ላይ ያልቆመ ሰውም አይገባም፤ ሚስቶቻችንና ልጆቻችን ኮሪደር ላይ ይጠብቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 ልጃቸው ወ/ሮ ዶርቃ ገሰሰ አዳራሹ ገብተው ጥሪውን በስልካቸው ለመቅዳት ጠየቁ። ማኅበሩ ሥርዓቱ አይፈቅድም፣ ለከርሞ እናየዋለን አለ። ለከርሞም ጠየቁ፤ መልሱ ያው ነበር። ጸሐፊያችን ዐሥር አለቃ ሀይለየሱስ ስሞቹ ይጻፉ ብለው ሲወተውቱ ሻምበል ባሻ የመለሱት ይህን ነው፦ «ወረቀቱ ሲቃጠል ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ይኸው አልተቃጠልኩም።» እኛም አጨበጨብን።

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ አዳራሹም ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2022 አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ማስታወስ እየተሳናቸው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ የቀረነው ዘጠኝ አባላት ስሞቹን ለመጻፍ ተሰበሰብን። ለዓመታት እርስ በርስ የተደባበቅነው ያኔ ወጣ። መድፍ ጆሮ አይምርም። ስምንታችን የመስሚያ መሣሪያ እንጠቀማለን፣ ዘጠነኛው እምቢ ያለ ነው። ሃያ አምስት ዓመት «አለ» ስንል የኖርነው ስሙን ሰምተን ሳይሆን እጃቸው ሲወርድ አይተን ነው። እያንዳንዳችን ከጎናችን የቆመው የሚሰማ ይመስለን ነበር። ደህና ጆሮ ያላቸው በሩ ተዘግቶባቸው ኮሪደር ላይ ነበሩ። ዐሥራ ዘጠኝ ስም ጻፍን፤ እነሱም የየራሳችን መድፍ ጓዶች ናቸው። አርባ ሁለቱን አናውቃቸውም። ምን እንደምናደርግም አናውቅም።

ወ/ሮ ዶርቃ የተንከባካቢዎቹን መዝገብ ጠይቀው አይተዋል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደጋግሞ የሰፈረው፣ ሰውዬው እጃቸውን እያነሡ የማይታወቁ ሰዎችን ይጠራሉ የሚል ነው። የሰዎቹ ስም አልተጻፈም። ማንንም አንወቅስም፤ እኛም አልጻፍንም።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ አያልነሽ፣ ለወ/ሮ ዶርቃና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን። ወ/ሮ ዶርቃን ስለ ሁለቱ ዓመታት ይቅርታ እንጠይቃለን። አባቱ፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ በወይራ አምባ ሬጅመንት አገልግሎ ያልተመለሰበት ካለ ስሙን ይላክልን። ለማን መጻፍ እንዳለብን ስለማናውቅ ለሁሉም ጽፈናል።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ የፊታችን ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በከተማው ዋና መቃብር ይፈጸማል። የስም ጥሪውን የሚመሩት ወ/ሮ ዶርቃ ናቸው፤ ማንም ውጭ አይቀርም። ዐሥራ ዘጠኙን ስም ከወረቀት ያነባሉ። ለአርባ ሁለቱ እጃቸውን ብቻ አንሥተው ያወርዳሉ፤ እኛም እንደለመድነው «አለ» እንላለን። ስልሳ ሁለተኛው ስም ገሰሰ ወልደሰንበት ነው። እሱን ጮክ ብለው እንዲጠሩልን ለምነናቸዋል።