የቱሉ ኤጀርሳን ጉበን አስመልሰው ስላለፉት ስለ ጓድ ዓለምሰገድ መኩሪያ

የምሥራቅ አዲስ አበባ የቅርስና የጥብቅ ቦታዎች ጥበቃ ሠራተኞች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ የማኅበሩ መሥራችና የመስክ ቁጥጥር ኃላፊ የነበሩት ጓድ ዓለምሰገድ መኩሪያ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም. ከኮተቤ በስተምሥራቅ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ በጭነት መኪና ተገጭተው ማለፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘን ነው። እንዲህ ያለው መግለጫ በልማድ የሚወጣው በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ኮሚቴው እንዳይፈርም ጉባኤው ወስኗል። ምክንያቱ ከዚህ በታች ተገልጿል።

ጓድ ዓለምሰገድ በ1927 ዓ.ም. በምንጃር ተወለዱ። በመምህርነት ሠልጥነው በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ በ1961 ዓ.ም. ወደ ቅርስ ጥበቃ ሥራ ተዛወሩ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፈለቀች ተወልደ ጋር ገርጂ ላይ ቤት ሠርተው ሁለት ሴት ልጆች አሳድገዋል። በሥራቸው ጠንቃቃ፣ በንግግራቸው ቁጥብ ነበሩ። ሰውን በቀላሉ አያምኑም ነበር። ይህ ጠባያቸው በሕይወት ሳሉ ብዙዎቻችንን አስቀይሟል። ዛሬ የሚያስቀይመን ሌላ ነገር ነው።

በ1968 ዓ.ም. ቦሌ በሚገኝ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ይህን ማኅበር ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር አቋቋሙ።

በ1969 ዓ.ም. የቱሉ ኤጀርሳ ኮረብታ ጥብቅ ቦታ ሆኖ እንዲከለል አደረጉ። ከኮተቤ አልፎ በሚገኘው በዚህ ኮረብታ አናት ላይ ከቋጥኝ የተፈለፈለ ጥንታዊ አዳራሽ አለ። ዙሪያውን ጥድና ወይራ ከቦታል፣ ከግርጌው ምንጭ ይፈልቃል፣ ጉሬዛና ድኩላም ይኖሩበታል። በአዳራሹ በር ላይ የተጋደመው የድንጋይ ጉበን ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወፎች ተቀርጸውበታል። በዚያን ጊዜ የግንባታ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ወደ ደኑ እየገፋ ነበር። ጓድ ዓለምሰገድ ገበሬዎቹን ሰብስበው ስለ ጥንታዊነት አላወሩም። «ደኑ ከተነሣ ምንጩ ይደርቃል፤ ከብቶቻችሁን የት ታጠጣላችሁ?» ብለው ጠየቁ። የገበሬ ማኅበሩ ወሰኑን ከእርሳቸው ጋር ሆኖ ከለለ፣ ካባውም ወደ ኋላ ተመለሰ። የአካባቢው ነዋሪ አቶ ዋቅጅራ ጉርሜሳ የቦታው ጠባቂ ሆነው የተመረጡት ያን ጊዜ ነው።

በሚያዝያ 1973 ዓ.ም. ሠራተኞች የጫነ መኪና ወደ ኮረብታው መጥቶ፣ ጉበኑ ለእድሳት ወደ ከተማ እንዲወሰድ ከበላይ ታዟል ተባለ። ጓድ ዓለምሰገድ በአጋጣሚ እዚያው ነበሩ።

«ከዚህ በፊት እዚህ መጥታችሁ ታውቃላችሁ?» አሏቸው።

«ዛሬ ገና ነው የምናየው» አለ የቡድኑ መሪ።

«ታዲያ መንገዱን ማንንም ሳትጠይቁ፣ አዳራሹንም ሳትዞሩ፣ ቀጥታ ጉበኑ ሥር መሰላል ያቆማችሁት እንዴት ነው?»

ጓድ ዓለምሰገድ በበሩ መካከል ቆመው አልነቃነቅም አሉ፣ አቶ ዋቅጅራም ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፣ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ጓድ ዓለምሰገድ «የመንግሥትን ሥራ አደናቀፉ» ተብለው ተከሰሱ። ለአሮጌ ሥርዓት ቅሪት ጠበቃ ሆነዋል የሚልም ተጨመረበት። ክሱን ያቀረበው ማን እንደሆነ ማኅበሩ ደጋግሞ ቢጠይቅም አልተነገረውም።

በሰኔ 1974 ዓ.ም. አቶ ዋቅጅራ አስቸኳይ ስብሰባ አለ ተብለው ተጠሩ። ሲደርሱ ስብሰባ የሚባል ነገር አልነበረም። ሲመለሱ ጉበኑ ከቦታው የለም፣ የበሩም ራስ ተፈርክሷል። ለዚህ ድርጊት በመጀመሪያ የተያዙት ጓድ ዓለምሰገድ ራሳቸው ናቸው። ቦታውን ከማንም በላይ የሚያውቁ እርሳቸው ስለሆኑ ነው ተባለ። እስከ ነሐሴ ታስረው ቆዩ። ማኅበራችንም በሥራ አስፈጻሚው ውሳኔ ከኃላፊነታቸው አገዳቸው። ወይዘሮ ፈለቀች ስንቅ ይዘው ወደ እስር ቤት ሲመላለሱ ከማኅበሩ አብራቸው የሄደች የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ሸሪፋ ኑሪ ብቻ ነበረች።

ማስረጃ ስላልተገኘባቸው በነሐሴ መጨረሻ ተፈቱ። ቤታቸው ይቀመጣሉ ብለን ስንጠብቅ በየቀኑ ቦሌ ይታዩ ጀመር። በመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ በሚሠሩ ቪላዎች እየተዘዋወሩ ከግንበኞች ጋር ያወሩ ነበር። ይህን ያየ አንድ አባል «ከነጋዴዎች ጋር ዋጋ እየተነጋገሩ ነው» ብሎ ለኮሚቴው አመለከተ። ከአባላቱ መካከል ይህን ያመነው ጥቂት ሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን ቤት እንደሚሠራ ሰው ሆነው የተቀረጸ አሮጌ ድንጋይ የሚገኝበትን እየጠየቁ ነበር። በመጨረሻ ገብረዋሕድ የተባለ ግንበኛ፣ «እኔ ራሴ ወፎች ያሉበት ድንጋይ ሳሎን ውስጥ ከእሳት ማንደጃ በላይ ገጥሜያለሁ፤ ባለቤቱ በጣም ይወደዋል» አላቸው።

ጓድ ዓለምሰገድ ይህን ለኮሚቴው አላስታወቁም። ለወይዘሮ ሸሪፋ ብቻ ነገሯት። እርሷም በጉባኤው ፊት እንዲህ ስትል መስክራለች፦ «ለምን ለኮሚቴው አይናገሩም አልኳቸው። ‹መኪናው ሲመጣ መሰላሉ የት እንደሚቆም የነገረው ሰው አለ። ዋቅጅራንም በውሸት ስብሰባ ያስጠራ ሰው አለ። ሩቅ የሚኖር ሰው አይመስለኝም› አሉኝ።»

በመስከረም 1975 ዓ.ም. ጓድ ዓለምሰገድ ከፖሊስ ጋር ሆነው ሳይታሰብ ወደዚያ ቪላ ገቡ። ጉበኑ ግንበኛው በተናገረው ቦታ ተገኘ። ምርመራው ስላላለቀ የቤቱን ባለቤት ስም እንዳንጠቅስ ተነግሮናል። ሰውየው ድንጋዩን ከገበያ ገዛሁት ማለቱን ሰምተናል። እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚሸጥበት ገበያ የት እንደሆነ ግን አልሰማንም። ቃሉን በሰጠ ማግስት ወደ ቤቱ የተመለሰ መሆኑንም የሰማነው ከጎረቤቶቹ ነው።

ጉበኑ በማኅበሩ ግምጃ ቤት ተቀመጠ፣ የጓድ ዓለምሰገድም እግድ ተነሣ። ጥቅምት 10 ቀን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በዝግ ተሰብስቦ ጉበኑ ጥቅምት 12 ቀን ወደ ቦታው እንዲመለስ ቀን ቆረጠ። ጓድ ዓለምሰገድ በሞተር ብስክሌታቸው ቀድመው ሄደው በሩን እንዲያዘጋጁ፣ ጉበኑን የጫነው የማኅበሩ መኪና ከኋላ እንዲከተል ተወሰነ። ይህን የሰሙት በክፍሉ ውስጥ የነበሩት የኮሚቴ አባላት ብቻ ናቸው። ወይዘሮ ፈለቀች እንኳ ባለቤታቸው ወዴት እንደሚሄዱ ያወቁት በዕለቱ ከቤት ሲወጡ ነው። «ኮሚቴው ያውቃል ወይ?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። «ዛሬስ ሳይነግሩ መሄድ አይቻልም» ብለው ወጡ።

የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት የደረሰው ተራ የመንገድ አደጋ ነው ይላል። ጉባኤው ሪፖርቱን ተቀብሎ ፋይል አድርጓል። ከዚህ ጋር አብሮ ግን የአቶ ዋቅጅራን ቃል ያስመዘግባል። አቶ ዋቅጅራ በዚያ ጠዋት ወደ ኮረብታው ሲወጡ ሰሌዳ የሌለው የጭነት መኪና ከመታጠፊያው አጠገብ ቆሞ አዩ። የተበላሸበት መስሏቸው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አሉት።

«አልተበላሸም፤ ሰው እየጠበቅሁ ነው» አላቸው ሾፌሩ።

ሞተር ብስክሌቱ የተገጨው እዚያው መታጠፊያ ላይ ነው። መኪናው አልቆመም። አቶ ዋቅጅራ ይህን ቃል በፖሊስ ጣቢያ ቢሰጡም እስከ ዛሬ ዳግመኛ የጠራቸው የለም። ግንበኛው ገብረዋሕድም ከዚያ ሳምንት ወዲህ በሚሠራበት ቦታ አልታየም። ወደ አገሩ ገብቷል የሚሉ አሉ። አገሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አላገኘንም።

ገርጂ በተተከለው የሐዘን ድንኳን የኮሚቴው አባላት በሙሉ ተገኝተው አልቅሰዋል። ወይዘሮ ፈለቀች በሦስተኛው ቀን ተነሥተው እንዲህ አሏቸው፦ «ሁላችሁም መጣችሁ፣ ሁላችሁም አለቀሳችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከእናንተ አንዱ ግን ባሌን ለቆመው መኪና ነግሮበታል። ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ሁላችሁንም አስቀምጬ አብልቻለሁ። ከዛሬ ወዲያ ግን ደጄን እንዳትረግጡ።» ማኅበሩ መግለጫውን በኮሚቴው ስም እንዳያወጣ ጉባኤውን የጠየቁት እርሳቸው ናቸው፣ ጉባኤውም ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል።

ጉባኤው እስካሁን የፈጸማቸውና የወሰናቸው የሚከተሉት ናቸው። ጉበኑ ጥቅምት 20 ቀን በአባላትና በገበሬ ማኅበሩ ጉልበት ወደ በሩ ተመልሷል። ቀኑ አስቀድሞ ለማንም አልተነገረም፤ አባላት የተጠሩት መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። የቦታውን ቁጥጥር ወይዘሮ ሸሪፋ ኑሪ ተረክባለች። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ከሥራው ታግዷል፣ አዲስ እስኪመረጥም የማኅበሩን ማኅተም ጉባኤው ይይዛል። ጉዳዩ እንዲጣራ ለሚመለከተው አካል አመልክተናል። ማመልከቻችንን የተቀበለው ሰው ስማችንን አንድ በአንድ ከጻፈ በኋላ ስለ መኪናው ምንም አልጠየቀንም። ስለዚህ ይህ መግለጫ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ አባል እጅ እንዲገባ ተደርጓል።

ለወይዘሮ ፈለቀች ተወልደና ለልጆቻቸው፣ ለምንጃር ዘመዶቻቸው፣ እንደ ወንድም የሚያዩትን ሰው ላጡት ለአቶ ዋቅጅራና ለቱሉ ኤጀርሳ ገበሬዎች፣ አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦች ሁሉ ብርታትን እንመኛለን። ለታገዱት የኮሚቴ አባላትም ሐዘናቸው እንዲቀልላቸው እንመኛለን፤ አብዛኞቹ ከልባቸው እንዳዘኑ እናምናለን። ከእነርሱ አንዱ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። ለእርሱ የምንመኘው መጽናናት የለም።

የምሥራቅ አዲስ አበባ የቅርስና የጥብቅ ቦታዎች ጥበቃ ሠራተኞች ማኅበር
ጠቅላላ ጉባኤ
ቦሌ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1975 ዓ.ም.