ከድልድዩ ላይ ስለተቀዳው «እጅግ ንጹሕ» ውኃ

ለተከበሩ የወንዝና የባሕር ዳርቻ ውኃ ጥራት ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ሪፖርት እንከን የማይገኝበት፣ ዕድሜዎም የእርስዎን ምላሽ እንደምንጠብቅበት ጊዜ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ ምግብ ቤት ያለኝ፣ ባለቤቴም እዚያው ዓሣ የሚያጠምድ ሴት ነኝ። የምጽፍልዎ ተበሳጭቼ እንዳይመስልዎ፤ ኧረ እንዲያውም ከደስታዬ ብዛት አርፌ መቀመጥ አቅቶኝ ነው! ወንዛችን «እጅግ ንጹሕ» መባሉን ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አነበብኩ፤ በዚሁ ወረቀት መነሻነትም የፊታችን ሐሙስ ወንዙ ዳር ያለው የዶሮ እርባታ በእጥፍ እንዲስፋፋ ፈቃድ ሊፈርሙ መሆኑን ሰማሁ። እንግዲህ ሐሙስ ሳይደርስ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ባለሙያዎ ናሙና ሲቀዱ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናቸውን ድልድዩ ላይ አቁመው፣ ነጭ ጫማቸውን ጭቃ ሳይነካው፣ ባልዲ በገመድ አውርደው ቀዱ። የእርባታው የፍሳሽ ቦይ ወንዙን የሚቀላቀለው ግን ከድልድዩ ሁለት መቶ እርምጃ ወረድ ብሎ ነው። ትንሽ ወደ ታች ቢወርዱ ብዬ ብለምናቸው «እትዬ፣ እዚያ እኮ ይሸታል!» አሉኝ። ከሽታ ሸሽቶ ስለ ንጽሕና መመስከር እንደሚቻል ባውቅ ኖሮ እኔም የሽንት ቤቴን ጽዳት ሳሎን ተቀምጬ አረጋግጥ ነበር።

2. የዶሮውን ኩስ «ነጻ ማዳበሪያ» ብላችሁ ለአትክልተኞቹ ስላደላችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወንዙ ዳር ተቆልሎ ይሰነብትና ዝናብ ሲጥል ጎመኑን ትቶ እኛ ዘንድ ይመጣል። ውኃው አረንጓዴ ለብሷል፤ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ። ሃያ ዓመት ያጠመደው ባለቤቴም መረቡን የቲማቲም አጥር ሊያደርገው እያሰበ ነው።

3. እዚህ ላይ ራሴንም አልምርም። ዓሣው ሲጠፋ ርካሽ ነው ብዬ ከዚያው እርባታ እንቁላል ስገዛ፣ በየጠዋቱም ስጠብስ፣ ኩሱ የት ይሄዳል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። አሁን ጠይቄ፣ እንቁላሉን በግማሽ ቀንሼ ባቄላና አትክልት አበስላለሁ፤ ደንበኞቼ አጉረመረሙ፣ ከዚያም በሉ። አንዲት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት የቻለችው ነገር ቢሮ ሙሉ ምሁር አቃተው ማለቴ አይደለም። ኧረ ማለቴ ነው።

4. ቅሬታ ስናቀርብ «ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ» ብላችሁ መከራችሁን። እግዜር ይስጥልን። ለዓሦቹም የማፍላት ሥልጠና ቢያዘጋጁላቸው ምንኛ ደግ ነበር!

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመፈረምዎ በፊት ከቦዩ በታች አንድ ጠርሙስ ያስቀዱ። የጭቃ ቦቲ የለንም ካሉ የባለቤቴን አውሳለሁ፤ ጫማውም እንደ ባለቤቱ ሥራ ፈቷል።

እግርዎን ጭቃ፣ አፍንጫዎን ሽታ፣ ብዕርዎንም ጥርጣሬ እንዳይነካው እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሳ፣

የወንዙ መጨረሻ ምግብ ቤት ባለቤት

ማስታወሻ፦ ለሐሙሱ ስብሰባ ምሳ «ትኩስ የወንዛችን ዓሣ ለሃያ ሰው» የሚለው የትእዛዝ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ባለቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ መረብ ጥሎ ያገኘው አራት ብቻ ነው፤ እነሱም መረቡ ሳይደርስባቸው የሞቱ ናቸው። ለቀሩት አሥራ ዘጠኝ እንግዶች ሌላ ነገር አበስላለሁ፤ ውኃው ንጹሕ ስለመሆኑ የፈረሙት እርስዎ ነዎትና አራቱም የእርስዎ ናቸው።