የወይራ ሜዳ ፍም

ቂርቆስ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጦቢያ አባት ለወልደአማኑኤል፣

እንዴት ነህ አንተ ሰውዬ? ወገብህስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጅህ ጦቢያም ደህና ናት። የልጅ ልጅህ ሐሴት ሦስተኛ ክፍል ገብታ ጽሑፌን ዶሮ የጫረው ትለዋለች። ስልክ ብደውል ዝም ትላለህ፤ ዝምታህን ደግሞ በካርድ አልገዛም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ትናንት ሙሐሲን መጥቶ ነበር፣ የጎረቤታችን የራቢያ ልጅ፣ መስቀል ፍላወር ሱቅ ያለው። ወይራ ሜዳ ከተማ ከተቆረቆረች ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ እሑድ በዓል አለ አለኝ። እዚህ ያለነው ቅዳሜ በአውቶቡስ እንሄዳለን፣ ቲሸርትም ተሠርቷል አለ። በዚህ ዕድሜዬ የአገሬን ስም ደረቴ ላይ ጽፌ ልሂድ፣ ስጠፋ እንዲመልሱኝ ይመስል።

ከተማ ሲሏት ሳቄ መጣ። ስንገባ አምስት ቤት አልነበርን? ክብሪት ጠፍቶ እሳት ያለው የኛ ቤት ብቻ። ራቢያ ገል ይዛ ፍም ልትጭር ትመጣና ወሬ ትጀምራለች፤ ፍሙ ገሉ ላይ ይጠፋል፤ እንደገና መጫር ነው።

ታዲያ እሑድ አምስቱ ቤቶች ከየምድጃቸው ፍም አምጥተው ገበያው መሃል አንድ እሳት ሊያነዱ ነው አሉ። ፍሙን የምትይዘው የቤቱ እመቤት ናት፤ ሞታ እንደሆነ ልጇ። እኔ ደግሞ አልሞትኩም። የበዓሉ ኮሚቴዎች አንተን ሲጠይቁህ ምን አልክ? "የኔ ቤት እሳት ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።" ሙሐሲን ሊደብቀኝ ፈልጎ ነበር፤ በምን አቅሙ፣ እኔ እኮ ነኝ አፍ ያስፈታሁት።

እኔ አራስ ልጠይቅ ብዬ ለአርባ ቀን ነው የወጣሁት። ጦቢያ ሥራ ስትገባ ሕፃኗን ለማን ልተዋት? አንተ ደግሞ "ከሄድሽ እዚያው" ብለህ ጀርባህን ሰጠኸኝ። ነይ ካላለኝ አልመለስም አልኩ። ነይ ያለኝ የለም። ማን ይቅደም ስንባባል አረጀን።

እዚህ ምድጃው በመብራት ነው። መብራት ሲሄድ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይጠብቃል እንጂ እሳት ልጫር ብሎ የሚያንኳኳ የለም። ወዳጄ ከውሰርም የካዛንቺስ ቤቷ ፈርሶ ርቃ ሄደች። ሐሴትን ላውራት ብል ዓይኗ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ሙሐሲን ግን ሊወጣ ሲል አንድ ነገር አመለጠው። እናቱ እስካሁን ክብሪት ስታጣ ጠዋት ካንተ ቤት ትጭራለች አለ። ውሸታም። ጠፋ ያልከው እሳት ይኸው ሲጨስ ያድራል።

ስለዚህ ስማኝ። ይቺን ደብዳቤ ሙሐሲን ረቡዕ ቀድሞ ሲሄድ ይሰጥሃል። እኔ ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ፣ ራቢያ ጋ አድራለሁ። ነይ ማለት ከከበደህ አትበል። አንተ ብቻ ወፍራም ግንድ አስገብተህ እሳቱን በአመድ አዳፍነህ እደር። እሑድ ጠዋት ገሌን ይዤ እንደ ጎረቤት አንኳኳለሁ፣ እሳት ልጫር ብዬ። ክፈትልኝ።

ያን የበሩን ድንጋይ ደግሞ ዝቅ አድርገው፣ ጉልበቴ ከፍታ አይችልም።

ቂርቆስ ወገብህን ይዳብስልህ፣ በሰላም ያገናኘን።

የቤቱ እመቤት፣
ሙሉነሽ

ቲሸርቱን አልለብስም።