የሲስተር የትነበርሽ ፊልጶስ የሕይወት ታሪክ፣ ሳይደርሳቸው ከቀረ መልእክት ጋር

ሲስተር የትነበርሽ ፊልጶስ ከአባታቸው ከአቶ ፊልጶስ ዓለሙ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እቴነሽ ተገኝ በ1965 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ቀሐ አካባቢ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታችን ቁጡ ስለነበሩ በፊታቸው አንገት ደፍቶ መልስ መስጠትን ከሕፃንነታቸው ተማሩ፤ ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ ወንድማቸው ምናለምም ከእሳቸው አይቼ ተማርኩ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1985 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመረቁ። አይከል ከተማ ተመድበው ስምንት ዓመት አገልግለዋል። በ1990 ዓ.ም. ከመምህር ኪሩ አድማሱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ሶሊያናንና ፅዮንን አፍርተዋል።

በ2003 ዓ.ም. ኦቲዝምና የዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ሕፃናት አዲስ አበባ ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ፣ ቀሐ ሁለት ክፍል ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው፤ አንዱን ነገር በጥቃቅኑ ከፋፍሎ ማስተማር፣ ልጁ እያንዳንዷን ባደረገ ቁጥር የሚወደውን መስጠት። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እኅታችን ለእኔ ያልነበራቸው ትዕግሥት ለእነዚያ ልጆች ተርፎ ነበር። አንድ ልጅ ጫማውን ራሱ እስኪያደርግ አምስት ወር ጠብቀዋል።

አሁን መጻፍ ወደማልወደው ዓመት ደረስኩ። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ወይዘሮ ወይንሸት የተባሉ እናት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ምስጢርን ይዘው ድብ ባሕር ከሚባል ገጠር መጡ። ምስጢር አትናገርም፣ የሰው ፊትም አታይም ነበር። የሥልጠናው መጽሐፍ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን ለዓይን መተያየትን ይልመድ ይላል። እኅታችን በሽምብራ ቆሎ አስተማሯት፤ ባየቻቸው ቁጥር አንድ ፍሬ። ጎን ለጎንም ሲጠማት ጣሳ አንሥታ እንድታሳይ ያለማምዷት ነበር። በሰባተኛው ወር ምስጢር ማንንም ትኩር ብላ ማየት ቻለች። ሁላችንም ደስ ብሎን ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቀልን።

ለፋሲካ አገሯ ስትገባ አያቷ አያ አላምረው ፊት ቆመች። በእንግዶች መካከል ዓይናቸውን ትኩር ብላ እያየች ቆሎዋን ጠበቀች። ልጅ በታላቅ ፊት አንገቱን በሚደፋበት አገር ይህ ንቀት ነው። አያ አላምረው «ምነው፣ ዓይነ ደረቅ አድርገው ላኩልን?» ብለው በከዘራ መቷት። ከዚያ ወዲህ ምስጢር ሰው ማየት ተወች፤ ከሰው እጅ መብላትም አቆመች። እናቷም ዳግመኛ ወደ ቀሐ አላመጧት።

እኅታችን በሽማግሌው አልፈረዱም። «እሳቸው ምን ያውቃሉ? እኔ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። በአባቴ ፊት ቀና ብዬ ሳላውቅ የሰውን ልጅ ቀና በይ አልኳት» አሉኝ። አሠራራቸውንም ለወጡ። ልጅ ከመቀበላቸው በፊት ቤቱ ድረስ ሄደው፣ አያት ካለ አያትን ጭምር፣ ለቤቱ የከበደው ምን እንደሆነ፣ ነውር የሚባለውም ምን እንደሆነ ይጠይቁ ጀመር። እጁን የሚያራግበውን ልጅ እንዲያራግብ ተዉት፤ ውኃ መጠየቅን፣ የሚያመውን ማሳየትን አስተማሩት። እዚህ የቆማችሁ ብዙ ወላጆች ምስክር ናችሁ።

ድብ ባሕር ሦስት ጊዜ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። በሦስተኛው አያ አላምረው «እግዜር ይፍታሽ» አሏቸው። ወይዘሮ ወይንሸት ግን አንድም ጊዜ ከጓዳ አልወጡም። እኅታችን ከዚያ በኋላ ከማያውቁት ቁጥር ሲደወልላቸው «ወይንሸት ነሽ?» ብለው ነበር የሚያነሱት። እኔም «አሥር ዓመት ሙሉ? ተይው እንጂ» እያልኩ እቆጣቸው ነበር።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ፤ ስልካቸውን እኔ ያዝኩ። የካቲት 11 ቀን ተደወለ። «ወይንሸት ነኝ፣ ከድብ ባሕር። ምስጢር ሸጋ ናት። ሲጠማት ጣሳ አንሥታ ታሳየኛለች፤ ያን ያስለመዷት ሲስተር ናቸው፣ ከዓመታት በኋላ ተመለሰላት። ቂሜን ትቻለሁ፣ ይንገሩልኝ» አሉ። እኅታችን ከሦስት ቀን ስቃይ በኋላ ገና እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። በማግሥቱ ፊታቸውን አይቼ ትንሽ ይበርቱ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸውን ሳቱ። ክፉ ወሬ ከበሽተኛ መደበቅ ልማዳችን ነው፤ እኔ ግን ደጉን ወሬ ደበቅኩ። ለዚህ ምክንያት የለኝም፤ ይጸጽተኛል።

ሲስተር የትነበርሽ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እናታቸው ወይዘሮ እቴነሽ፣ ባለቤታቸው መምህር ኪሩ፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተናል። ወይዘሮ ወይንሸትና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ምስጢርም ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመዋል።

ድካማቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናናን።

እታለም፣ ወይንሸት ደውላ ነበር። ይቅር ብላሻለች።