ሦስት ማለት ሲገባኝ

ከጠረጴዛዬ ማዶ ትቀመጪ ለነበርሽው፣ ለየሻሽወርቅ፤

የአገሩ ሰዎች ሐጋያ የሚሉት የጥቅምት ዝናብ፣ ከተለየሽኝ ወዲህ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ፣ የነጌሌን ቀይ አቧራ ለጥቂት ሳምንታት አሳርፎ፣ በመቃብርሽ ዙሪያ ያለውንም ሣር አብቅሎ ሄደ። እኔም በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቼ፣ ስምሽን ከጻፍሁ በኋላ የሚከተለው ቃል እየጠፋኝ ወረቀቱን አጥፌ ሳኖር ቆይቼ፣ ዛሬ ልነግርሽ የሚገባኝን ስላወቅሁ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ዝምታዬ ነው። ሐኪሙ ወደ ሐዋሳ ሄደሽ ቀዶ ሕክምናው እንዲሞከር በመከረን ጊዜ፣ አንቺ ከቤትሽ ላለመውጣት ወሰንሽ፤ እኔም አንዲት ቃል ሳልጨምር ውሳኔሽን ተቀበልሁ። ልጃችን ትርሲት ግን እናቷን የነጠቃት ያ ዝምታ እንደሆነ አምና፣ ከአርባሽ ወዲህ ከቡሌ ሆራ ተነሥታ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። በየእሑዱ ትደውላለች፤ እንዴት ነህ ትለኛለች፤ ደህና ነኝ እላታለሁ፤ ስልኩ ይዘጋል። ዝምታዬ ፍቅር ነበር ወይስ ጥፋት? ሁለት ዓመት ሙሉ ከሳሽም ተከሳሽም ሆኜ የቆምሁበት ችሎት ይህ ነው።

የቤቱን ወሬ የጠየቅሽኝ እንደሆነ፣ ጣሪያው በማድ ቤቱ በኩል ማፍሰስ ጀምሮ የካርታ ጓደኛችን ኦቦ ጃርሶ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ደፈነልኝ፤ ያ ሽማግሌ በቆርቆሮው ላይ ሲራመድ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ፣ ከጣሪያው ይልቅ ስለ እርሱ ስጸልይ ነበር። የደጃችን ግራር አንዱ ግንዱ ደረቀ። ፍየሎቹን ለጎረቤት ሰጠኋቸው፤ ማለብ እንደማልችል አንቺ ብቻ ሳትሆኚ እነርሱም ያውቁ ነበርና።

ይህ ሁሉ የሚቻል ነው። ያልተቻለኝ ወንበርሽ ነው። ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታችን ሕግ አጋሮችን ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ስለሚያስቀምጥ፣ ከዚያም ልማድ የተነሣ ምሳችንንም እራታችንንም በዚያው አኳኋን ስለበላን፣ በቤተ ክርስቲያንም አንቺ በሴቶች እኔ በወንዶች በኩል ስለምንቆም፣ ከጎንሽ የተቀመጥሁት በአውቶቡስ ብቻ እንደነበር ከሞትሽ በኋላ አስቤ ደረስሁበት። ሚስቱ የሞተችበት ሌላ ሰው ጎኑ ሲጎድልበት፣ እኔ ግን ዓይኔን ባነሣሁ ቁጥር ፊት ለፊቴ ይጎድልብኛል። ስለዚህም ምግቤን ማድ ቤት ቆሜ መብላት ለመድሁ።

ታስታውሻለሽ፤ መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ የውል ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ያ ሕንዳዊ የሂሳብ መምህር፣ ከባለቤቱ ጋር ብሪጅ የሚጫወትለት ሰው ቢያጣ፣ እኔንና አንቺን፣ ባለሸቀጡን ጋሽ ሸምሱንና የከብት ክትባት ሠራተኛውን ኦቦ ጃርሶን ሰብስቦ አስተማረን፤ አገሩ ሲገባም ሁለት ጥቅል ካርታ ትቶልን ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ እኔና አንቺ በአንድ ወገን፣ ሸምሱና ጃርሶ በሌላው ወገን ሆነን በበረንዳችን እንሰለፍ ነበር፤ ነፋሱ እንዳይወስድብንም ባሸነፍነው ካርታ ሁሉ ላይ ጠጠር እንጭን ነበር። ጎረቤት ቁማር መስሎት ለንስሐ አባታችን በነገረብን ጊዜ፣ አንቺ አባን ጠርተሽ ከጎንሽ አስቀመጥሻቸው፤ እርሳቸውም እስኪበቃቸው ካዩ በኋላ፣ ሰው በነጻ እንዲህ የሚጨነቅ ከሆነ ይህስ ኃጢአት ሳይሆን ንስሐ ነው ብለው ባርከውን ሄዱ።

አንቺ ከሁላችን ቀድመሽ እንደተረዳሽው፣ የዚህ ጨዋታ ነፍሱ ካርታው ከመጣሉ በፊት ያለው ጨረታ ነው። እጅ የምንለውን ዐሥራ ሦስት ካርታ የያዘ ሰው የአጋሩን ዐሥራ ሦስት ማየት አይችልም፤ የተፈቀደለት ተራው ሲደርስ ከጥቂት የታወቁ ቃላት አንዱን መናገር ብቻ ነው፤ ለእነዚያ ቃላት ትርጉም የሚሰጣቸውም አጋሮቹ አስቀድመው ያደረጉት ስምምነት ነው። ስምምነቱ ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ሊሰወር አይገባም። ሸምሱ፣ ባልና ሚስት በቅንድብ ይነጋገራሉ እያለ በየሳምንቱ ስለሚነዘንዘን፣ አንቺ ስምምነታችንን ሁሉ በደብተር ጽፈሽ ከጨዋታው በፊት እንደ ስንክሳር ታነቢላቸው ነበር።

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ያስጻፈሽ የእኔ ስሕተት ነው። ያን ቀን ጨረታውን የከፈትሁት እኔ ነበርሁ፤ በከፈትሁበትም ቃል የእጄን ብርታት ለክቼ ነግሬሻለሁ። አንቺ የእኔን ሰምተሽ፣ የራስሽንም አይተሽ፣ «ሁለት ልብ» አልሽ። ይህም በስምምነታችን፣ የልብ ካርታ በዝቶልኛል፣ የቀረው እጄ ግን ደካማ ነውና፣ ከዐሥራ ሦስቱ ዙር ስምንቱን ለማሸነፍ ተዋውለን በዚያ እንቁም ማለት ነበር። እኔ ግን የያዝኋቸው ነገሥታት አጓጉተውኝ «ሦስት» ብዬ ወደ ዘጠኝ ከፍ አደረግሁት፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ መመለስ አልተቻለም። ልብን አስቀድመሽ የጠራሽው አንቺ ስለሆንሽ ጨዋታው በአንቺ ላይ ወደቀ፤ እኔ ጥፋተኛው በሕጉ መሠረት ካርታዬን ጠረጴዛው ላይ ገልጬ ዘርግቼ፣ እጄን አጣጥፌ፣ የእኔን ጥፋት አንቺ ስትሸከሚ ዝም ብዬ አየሁ። ስምንት ዙር አገኘሽ፤ ዘጠነኛው ከየትም ሊመጣ አልቻለም።

ሸምሱ፣ መምህር፣ ሚስትዎን ባያምኑ እንኳ ቁጥር ይመኑ ብሎ አሾፈብኝ፤ ጃርሶም በኦሮምኛ የጨመረበትን ያን ጊዜ ልተረጉምልሽ አልፈቀድሁም። አንቺ ግን፣ በሰው ፊት አንቱ የምትዪኝ ሴት፣ ካርታ ስንይዝ ብቻ በምትናገሪው በአንተ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ «የአንተን ነግረኸኛል፤ የእኔን የማውቀው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ መወሰን የእኔ ነው» አልሽኝ። ደብተሩንም ስበሽ፣ «እጁን የገለጸ ይለፍ፤ የሰማው ይወስን» ብለሽ ጻፍሽ። ከዚያ ወዲህ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በጠረጴዛውም በኑሮውም ይህን ቃል አላፈረስሁም፤ ትርሲት ትምህርቷን የት ትቀጥል ሲባል፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ ወደ አባቶቼ አገር እንመለስ ይሆን ስንባባል፣ አንዳችን ያለውን ይናገራል፣ ሌላው ይወስናል።

ሐኪሙ ባናገረን ቀን ከሆስፒታል ተመልሰን በዚያው በረንዳ ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ የእኔንም አሳብ ጠየቅሽኝ። እኔም፣ «ብንሄድ መልካም ይመስለኛል፤ መንገዱም ከቀድሞው ተሻሽሏል» አልሁሽ። ከዚያም ሐኪሙ የሰጠው ተስፋ ቀጭን እንደሆነ፣ በማታውቂው ከተማ አልጋ ላይ ከመንገላታት በቤትሽ መሰንበትን እንደምትመርጪ ነገርሽኝና፣ «እዚሁ እሆናለሁ» አልሽ። እኔም አለፍሁ። አምስት ወር ሰነበትሽ፤ ካርታውን ለመያዝ ጣቶችሽ በደከሙ ጊዜ እንኳ በባቄላ ጣሳ ላይ አስደግፈሽ ተጫወትሽ፤ ሸምሱም ሲያሸንፍሽ መደሰቱን ለመደበቅ ባለመቻሉ ደስ ይልሽ ነበር።

በአርባሽ ዕለት፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ ትርሲት፣ «አባባ፣ አንድ ቃል ብትጨምር ትሰማህ ነበር» አለችኝ። ስለ ስምምነታችን፣ ስለ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላስረዳት ብጀምር፣ እናቴ ካርታ አይደለችም ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እኔም በልቤ ስከራከራት ኖርሁ፦ ሚስቱን የሚያከብር ባል ያምናታል፤ ከወሰነች በኋላ መነዝነዝ ማመን ሳይሆን መጫን ነው እያልሁ። ሁልጊዜ እረታት ነበር፤ መርታቴን የምነግረው ሰው ግን በቤቱ አልነበረም።

ሸምሱና ጃርሶ ለረጅም ጊዜ ካርታ የሚል ቃል አላነሡብኝም፤ በየቅዳሜው እየመጡ፣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ገበያ አውርተው፣ ወንበርሽን እንዳላዩ ለመምሰል እየታገሉ ይሄዱ ነበር። ባለፈው ወር ግን ጃርሶ፣ ከተልተሌ ተዛውራ እኔ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምረውን የወንድሙን ልጅ ዳርሚን ይዞ መጣ፤ ጨዋታውን ከእርሱ ተምራ ኖሯል። ወንበሩ ተይዟል ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እርስዋ ግን ናጋ ብላ ሰላምታ ሰጥታኝ፣ ፈቃዴን እስክሰጥ ድረስ ቆማ ስለ ጠበቀችኝ አፈርሁ። ደብተርሽን ሰጠኋት፤ ቆማ እንዳለች ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ከዚያም ተቀመጠች።

በሦስተኛው ጨዋታ ዳርሚ ጨረታውን በልብ ከፈተች። በስምምነታችን እኔ «ሁለት» ብዬ ብመልስ፣ እደግፍሻለሁ፣ እጄ ግን ደካማ ነው ማለት ነው፤ «ሦስት» ብዬ ብመልስ ደግሞ፣ በእጄ ቁም ነገር አለ፣ ከፈለግሽ ወደ ላይ ውጪ ማለት ነው። የያዝሁት የሦስት እጅ ነበር። ነገር ግን ፊትሽ በነበረበት ቦታ የማላውቀውን ፊት እያየሁ፣ ብዙ ተናግሮ ከማፈር ጥቂት ተናግሮ መዳን ይሻላል ብዬ «ሁለት» አልሁ። እርስዋም አምናኝ አለፈች፤ ጨዋታውም በሁለት ቆመ። ካርታዬን ገልጬ ስዘረጋላት ረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያም ዐሥር ዙር አሸነፈች። ለዐሥሩ ተዋውለን ቢሆን ኖሮ ትልቁ ነጥብ የእኛ በሆነ ነበር። ጨርሳም፣ ያለ ቁጣ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ይዘው ለምን ደበቁኝ? እኔ እኮ የወሰንኩት በነገሩኝ ነው» አለችኝ።

ሸምሱ ሊያሾፍ አፉን ከፍቶ፣ ፊቴን ሲያይ ጠጠር ማስተካከል ጀመረ።

የሻሽዬ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለት ዓመት የተሟገትሁት ባልሆነ ቦታ ነበር። ጥፋቴ ከውሳኔሽ በኋላ ዝም ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም ብትወስኚ ዝም እላለሁ። ጥፋቴ ከውሳኔሽ በፊት ነው። እጁን የገለጸ ይለፍ ብለሽ ጻፍሽ፤ እኔ ግን ሳልገልጽ አለፍሁ። አሳቤን ስትጠይቂኝ ስለ መንገድ መሻሻል ነገርሁሽ። ለአንቺ ቀጭን የሆነው ተስፋ ለእኔ ቀጭን እንዳልነበረ አልነገርሁሽም፤ በዚያው ቀን ጠዋት አንቺ መድኃኒት ስትጠብቂ እኔ ከሆስፒታሉ ጓሮ ግድግዳ ተደግፌ ማልቀሴን አልነገርሁሽም፤ ያለ አንቺ በዚህ ቤት መኖር እንደማላውቅበት አልነገርሁሽም። ወንድ ልጅ የታመመች ሚስቱን በገዛ ፍርሃቱ አይጭናትም ብዬ፣ ሦስት ማለት ሲገባኝ ሁለት አልሁሽ። ሁሉን ብትሰሚም ያንኑ ትወስኚ ነበር ይሆናል፤ አውቅሻለሁና እንደዚያ ይመስለኛል። ነገር ግን የወሰንሽው ባሌ ይችለዋል ብለሽ ነው፤ ይችለዋል ብዬ ያሳመንሁሽም እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ትርሲት ደወለች፤ እንዴት ነህ አባባ አለችኝ። የለመድሁት መልስ በምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። «ደህና አይደለሁም» አልኋት። ቆሜ እንደምበላ ነገርኋት፤ በጓሮው ግድግዳ ማልቀሴን ነገርኋት፤ አንዲት ቃል ጎድላ ነበር ማለትዋ እውነት እንደሆነ፣ የጎደለችበት ቦታ ግን እርስዋ ካሰበችው አስቀድሞ እንደነበር ነገርኋት። ብትመጣ እንደምወድ፣ አለዚያም እኔ ወደ እርስዋ ልሄድ እንደምችል ነግሬ፣ ሌላ ቃል ሳልጨምር ቆየሁ። በኋላም፣ «ይህንን ለእማማ ነግረሃት ነበር?» አለችኝ። አልነገርኋትም አልሁ። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ፤ ከዚያም፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ካርታ ግን አልጫወትም» አለች።

ስለዚህ ነገ ትመጣለች። ይቅር ትለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ያለኝን ሁሉ ሰምታለችና ውሳኔው የእርስዋ ነው።

እስከ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብርሽ ስመጣ እንደ ጨዋ እንግዳ ባርኔጣዬን ይዤ ጥቂት ቆሜ፣ እየበረታሁ ነው ብዬሽ እመለስ ነበር። ከእንግዲህ እንዲህ አልልሽም። ናፍቀሽኛል፤ ቀኑ ይረዝምብኛል፤ ቤቱ ይሰፋብኛል፤ ሰውም ስለ አንቺ ሲያነሣብኝ ፊቴን አዙሬ ስለ ዝናብ ማውራቴን ዛሬ ትቻለሁ። እስካለሁ ድረስ አስታውስሻለሁ፤ ምን ያህል እንደሆነ ለሚጠይቀኝም አሳንሼ አልናገርም።

ባልሽ