ያልተሳበው ምላጭ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን የምጠይቅህ ለወግ አይደለም። ደረትህ እንዴት ነው? ከእስር ቤት ይዘኸው የወጣኸው ሳል ለቀቀህ ወይስ አብሮህ አረጀ? ዓይንህስ ያለ መነጽር ያነብልሃል? ካላነበበልህ መነጽር ተዋስ እንጂ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው አታስነብበው። ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆችህስ? ስንት እንደሆኑ ስለማላውቅ በጅምላ እጠይቃለሁ፤ ቁጥር ለሚወድ ሰው ይህ ራሱ ቅጣት ነው። እኔ ከጉልበቴና ከእንቅልፌ በቀር ደህና ነኝ። አድራሻህን ያገኘሁት እማማ ያረፈች ጊዜ ከላክሃት ባለ ሁለት መስመር ካርድ ጀርባ ላይ ነው። ካርዱ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ቤት ቀይረህ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የምታውቀውን መልሼ የምነግርህ፣ እኔ የያዝኩት አንተ ከምታውቀው ጋር መግጠሙን እንድታይልኝ ነው። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት፣ በዝናቡ ወራት፣ የዱር አሳማዎች የበቆሎውን ማሳ ሲያወድሙብን የአባባን ጠመንጃ ይዘህ ወጣህ። ያንን ባሩድና አረር ከአፉ የሚጎርሰውን፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ባለ ሁለት ምላጩን አሮጌ። ቀኙንም ግራውንም አጉርሰህ ነበር። አሳማዎቹን ለማስደንገጥ ቀኙን ወደ ሰማይ ተኮስህ። ጠመንጃውን ዝቅ ስታደርግ ግራው ጮኸ፤ ጩኸቱን ሰምቶ በአጥሩ በኩል ይመጣ የነበረው የታላቅ እህታችን የእትዬ ባል ወደቀ። በዚያው ሳምንት በውኃ ተራ ተጣልታችሁ ስለነበር፣ አንዱን ለሰማይ ሌላውን ለሰው ተኮሰ ያላለ አልነበረም። አንተ ግን ግራውን አልነካሁትም፣ ራሱ ነው የጮኸው አልክ። ከዚህ ቃል ፈቀቅ ብለህ አታውቅም።

ዳኛው ከአካባቢው ፊደል የቆጠረ ሰው ብለው እኔን አስጠሩ። ወንድሙ ነው ቢሏቸው፣ ወንድም ሊያድን ይዋሻል እንጂ ሊጎዳ አይዋሽም አሉ። ጠመንጃውን አስይዘውኝ ሞክረህ ንገረን አሉኝ። ባዶውን ያዝኩት። ከላይ ያሉትን ሁለት መምቻዎች ወደ ኋላ ስቤ የቀኙን ምላጭ ብቻ ሳብኩ። ቀኙ መምቻ ወደቀ፤ ግራው እንደቆመ ቀረ። ይህንኑ ሃያ ጊዜ ደጋገምኩ። በወረቀት ላይ ሃያ መስመር አስምሬ፣ ከሥሩ ብልሽት የለበትም ብዬ ፈረምኩ። ተማሪዎቼ ማስመሪያ የሚል ስም ያወጡልኝ በከንቱ አልነበረም። ስፈርም ቀና ብለህ አየኸኝ። ዘጠኝ ዓመት ተፈረደብህ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ፣ በወንድሜም ቢሆን እውነት ተናገርኩ ብዬ ኮርቼ ነበር። አልደብቅህም።

ባለፈው ወር የክፍሌ በር ቁልፍ ውስጡ ተሰብሮ ቀረና ከብስክሌት ጠጋኙ አጠገብ ወዳለው ቁልፍ ሠሪ ሄድኩ። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም። ሰውዬው ቁልፌን ሲሞርድ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ከሞረዶቹ በላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ ጠመንጃው ተሰቅሏል። የሰደፉን ስንጥቅ አባባ በመዳብ ሽቦ የጠመጠመበትን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ዙር። ሲጠመጥም የሽቦውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቁልፍ ሠሪው ፍርድ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ለጌጥ ብሎ እንደገዛው ነገረኝ። ሁለት ዓመት በሒሳብ የጣልኩት ተማሪዬ ነው፤ አልረሳልኝም። ጠመንጃውን ስጠኝ ስለው፣ መምህር፣ በሰባ ሁለት ዓመትዎ ማንን ሊገድሉ ነው? የጡረታ ቢሮውን ጸሐፊ ከሆነ ይንገሩኝና አብረን እንሂድ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ሲያሰናብተኝ የሰጠኝን የግድግዳ ሰዓት በምትኩ አቀረብኩለት። ይሠራል ወይ ሲለኝ፣ በቀን ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል አልኩት። እንግዲያው እንደኔ ነው፣ ይምጣ ብሎ ጠመንጃውን አወረደልኝ።

ለምን ወሰድከው ካልከኝ፣ መልሱ አያምርም። ልክ እንደነበርኩ ለማየት ነው። ሳላጎርሰው መሞከሬ እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ተቀምጦ ስንት ዓመት ሲያነክሰኝ ኖሯል፤ ያቺን ጠጠር ላወጣ ነበር።

ከከተማው በታች ሥራ ወዳቆመ የድንጋይ ማውጫ ከቁልፍ ሠሪው ጋር ወረድን። ባሩዱንና ስትመታ እሳት የምትተፋውን የመዳብ ቆብ ቁልፍ ሠሪው ከአሮጌ አዳኞች ለማምኖ አመጣ። ጠመንጃውን በተጣለ የተማሪ ዴስክ ላይ አሰርኩት፤ እንዳይነቃነቅ ድንጋይ ጫንኩበት። ሁለቱንም አፈሙዝ እያጎረስኩ፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆኜ የቀኙን ምላጭ በሲባጎ ሳብኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ ቀኙ ተኮሰ፤ አሥራ ሁለቴም ግራው ቆመ። ያንኑ የድሮውን ቃል ልጽፍ እርሳሴን ሳነሳ ቁልፍ ሠሪው ሳቀብኝ። መምህር፣ ጠመንጃ ዴስክ ላይ ተቀምጦ አይማርም፣ ትከሻ ይስጡት እንጂ አለኝ። እሱ ልተኩስልዎ ቢለኝ እምቢ አልኩ።

በትከሻዬ አንደኛውና ሁለተኛው ደህና አለፉ። በሦስተኛው የቀኙን ምላጭ ብስብ ሁለቱም ባንዴ ጮኹና መሬት ላይ ዘረሩኝ። ቁልፍ ሠሪው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኔ ግን ተነሥቼ ጠመንጃውን ደግሜ አጎረስኩ። አምስተኛው ላይም እንዲሁ ሆነ። ለሰባተኛው በማግስቱ ተመለስን፤ አንተ የተኮስህ ቀን ዝናብ እንደነበር አስቤ፣ ለግራው የሚሆነውን ባሩድ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳድሬው ነበር። ቀኙን ወደ ሰማይ ተኮስኩ። ጭሱ ዓይኔን ጋረደኝ። ሌላ ድምፅ አልሰማሁም። አሁንስ ምንም የለም ልለው ጠመንጃውን ዝቅ አድርጌ ወደ ቁልፍ ሠሪው ዞርኩ። አንድ ሁለት ተብሎ በሚቆጠርበት ጊዜ ውስጥ ግራው ጮኸ። አረሩ ከጫማው አንድ እርምጃ ቀርቶት መሬቱን ቀደደው። ጣቴ ከምላጩ ውጭ ነበር።

ቁልፍ ሠሪው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መምህር፣ ሞቼ ቢሆን ኖሮ አልነካሁትም ቢሉ ማን ያምንዎት ነበር አለኝ።

ሱቁ ተመልሰን ብረቱን ፈታው። የግራውን መምቻ የምትይዘው ጥርስ ተበልታ አልቃለች። ባዶውን ሲሞክሩት የሚያነቃንቃት የለም። ጎርሶ ከትከሻ ሲተኮስ ግን እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ሲራገጥ ጥርሷ ትለቃለች። ባሩዱ ደረቅ ከሆነ ሁለቱ ባንዴ ይጮኻሉ፤ እርጥብ ከሆነ ግራው ዘግይቶ። ይህን ለማወቅ ጥቂት ጊዜ አጉርሶ ከትከሻ መተኮስ ይበቃ ነበር። እኔ ሃያ ጊዜ ባዶ ሞከርኩ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ፍርድ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ በትሕትና አነጋገረችኝ። ሰውየው ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል፣ መዝገቡም ጊዜው አልፎበት ተወግዷል፣ የሌለ መዝገብ ምኑ ይታረማል አባባ አለችኝ። እውነቷን ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በሦስተኛው ወንበር አመጣችልኝ እንጂ ሌላ ነገር አልነበራትም።

ከዚያ ወደ እትዬ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስምህ በዚያ ቤት ተነሥቶ እንደማያውቅ ታውቃለህ። ሁሉንም እንደ ትምህርት በተራ ነገርኳት፤ ወረቀቱንም ዘረጋሁላት። እጇን ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ ያኔም እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘህ ነበር የመጣኸው፣ ያኔም እርግጠኛ ነበርክ አለችኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ወንድሜ፣ እትዬ አላመነችኝም፤ እንዳታምነኝ ያደረግኋትም እኔ ነኝ። የምትሰማው ምስክር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያንን እምነቷንም ያኔ ጨረስኩት።

ስለዚህ የምሰጥህ ነገር የለኝም። ዘጠኙን ዓመት አልመልስልህም፤ ስምህን በመዝገብ አላጸዳልህም፤ እማማም እውነቱን ሳትሰማ ሄዳለች። ና ልልህ አልችልም፤ የምትመጣበት ደጅ ገና አልተከፈተም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ ልመናው ላንተ ሌላ ሸክም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጻፍልህ። ሠላሳ አራት ዓመት፣ ስሕተት ካለብኝ ባዶ ጠመንጃ መሞከሬ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጠመንጃውን ሃያ ጊዜ ጠየቅሁት፤ አንተን ግን፣ የእናቴን ልጅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለብቻችን ቁጭ ብዬ ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅሁህም።

ለባለቤትህ፣ ሳላያት ላከበርኳት፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጆችህን ከትልቁ እስከ ትንሹ ሳምልኝ፤ ብትጽፍልኝ ስንት እንደሆኑና ስማቸውን ንገረኝ። ቁልፍ ሠሪው፣ የማያውቅህ ሰው፣ እኔ አምነዋለሁ በሉልኝ ብሎሃል። እትዬ ሰላምታ አልላከችም። ልካለች ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ ያላየሁትን አልመሰክርም። ያየሁት ይህን ነው፤ ከበረንዳዋ ስወርድ፣ ቀና ሳትል፣ ደብዳቤ እዚያ ድረስ ስንት ቀን ይፈጃል ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ታላቅ ወንድምህ

ከአባባ ቤት፣ ከጓሮው ክፍል
ማክሰኞ፣ መስከረም 29 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት