ለጉርድ ሾላ ውኃ አቤት ሲሉ የኖሩት የወይዘሮ ምንትዋብ ገረመው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ምንትዋብ ከአባታቸው ከአቶ ገረመው ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተማርያም ደስታ በ1922 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአጎታቸው ዘንድ ነው። ዳዊት ጀምረው ሳይጨርሱ በ1941 ዓ.ም. ግንበኛውን አቶ መኩሪያ ሀብቴን አግብተው አዲስ አበባ ገቡ። ጉርድ ሾላ አካባቢ ቤት ሠርተው አምስት ልጆች ወለዱ።

ሠፈሩ ቧንቧ አልነበረውም። ሰው የሚጠጣው ከላይ ያለ አንድ የቆዳ ፋብሪካ እጣቢውን ከሚለቅበት ወንዝ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ክረምት የስድስት ዓመቷ ሣባና የአራት ዓመቱ ኃይሉ በዘጠኝ ቀን ልዩነት በተቅማጥ ሞቱ። ወይዘሮ ምንትዋብ ከሁለተኛው ቀብር ሲመለሱ በቀጥታ ቀበሌ ሄደው ቧንቧ እንዲገባ ጠየቁ። በጀት የሚፈቅደው ደርግ ስለሆነ የሠፈሩ ሰው ፈርሞ በማመልከቻ ያቅርብ ተባሉ።

ማመልከቻውን አቶ መኩሪያ ጻፉ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አንድ እሑድ አርባ ሦስት ጎረቤት አሻራውን አኖረበት። የዕድሩ የማኅተም ቀለም ደርቆ ስለነበር ወይዘሮ ምንትዋብ ከአንድ ትምህርት ቤት ተላላኪ የማባዣ ማሽን ቀለም ለምነው አመጡ። ያ ቀለም በውኃ አይለቅም። በማግስቱ ጠዋት የቤት ለቤት አሰሳ ሆነ። በዚያን ጊዜ ቀለም የነካው ጣት የተገኘበት ሰው ፀረ አብዮት ወረቀት አባዝቶ የበተነ ተብሎ ይያዝ ነበር። ጣታቸውን በአመድና በድንጋይ ፈትገው ያደሙ ሰዎች ነበሩ፤ አልለቀቀም።

የአብዮት ጥበቃ ጓዱ መሪ ሰዉን አሰልፎ አውራ ጣት በአውራ ጣት አየ። “ሠፈሩ በሙሉ ማተሚያ ቤት ሆነ እንዴ?” ብሎ ሳቀ። አቶ መኩሪያ ማመልከቻውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ሰውዬው አነበበና ቀደደው። “አሃ፣ በውኃ ስም ነው የምትደራጁት!” አለ። ወይዘሮ ምንትዋብ ከሰልፉ ወጥተው፣ “ቀለሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እነሱን ተዋቸው” ሲሉት በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። አራት ጥርስ ወለቀ። አቶ መኩሪያና ሁለት ጎረቤቶች በዚያው ቀን ተወስደው በጥይት ተገደሉ። ሬሳቸው መንገድ ዳር ተጥሎ አደረ፤ ማልቀስም ተከለከለ።

ወይዘሮ ምንትዋብ አምስት ወር ታሰሩ። ውስጥ እግራቸው እስኪተለተል ተገረፉ፣ ወገባቸውና ኩላሊታቸው ተረገጠ። ማን አደራጃችሁ ሲባሉ፣ “የሞቱት ልጆቼ” ከማለት በቀር የማንንም ስም አልሰጡም።

ሲፈቱ እያነከሱ እንደገና ጎረቤት ዞሩ። አንዲት ጎረቤታቸው በር ላይ ቆማ፣ “እትዬ ምንትዋብ፣ በልጆችዎ፣ ጣታችንን ይተዉልን” አለቻቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም። ከዚያ በኋላ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ማመልከቻ በራሳቸው አሻራ ብቻ አስገቡ። ሁለት ጊዜ በዘበኛ ተገፍተው ከደረጃ ወደቁ፤ በሁለተኛው ክንዳቸው ተሰበረ።

በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ የሚወዳደር እጩ ቀበሌው አዳራሽ መጣ። ወይዘሮ ምንትዋብ የወንዙን ውኃ በጠርሙስ ይዘው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጠባቂ የተሰበረውን ክንዳቸውን ጠምዝዞ ሊያስወጣቸው ሲል እጩው አስቆመው። ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

“እማማ፣ ይኼን ትጠጣላችሁ?”

“ልጆቻችን ጠጥተው አለቁ። ለእርስዎ ማሽተቱ ይበቃል። ከተመረጡ ይዘውልን ይግቡ።”

ሰውዬው ተመረጠ። ወይዘሮ ምንትዋብ ቦሌ ድረስ በእግራቸው እየሄዱ በየወሩ ደጁ ላይ ቆሙ። በ1981 ዓ.ም. በጀት ተፈቀደ፤ በሚያዝያ 1982 ዓ.ም. የሠፈሩ ቦኖ ተከፈተ።

በዚያ ቀን የቀድሞው ጓድ መሪ፣ ከሥልጣኑ ከወረደ ቆይቶ፣ ጀሪካን ይዞ ሰልፍ ገባ። ከአቶ መኩሪያ ጋር ባሏ የተገደለባት ሴት ድንጋይ ወረወረች፤ ግንባሩ ተፈነከተ። ሌሎችም ድንጋይ አነሡ። ወይዘሮ ምንትዋብ በዱላቸው ተደግፈው መካከል ገቡና፣ “ይቅዳ! እኔ የለመንኩት ለሰው ሁሉ ነው። ይኼም፣ ምን ላድርገው፣ ሰው ነው” አሉ። ቀድቶ ሄደ።

በእስር ቤት የተጎዳው ኩላሊታቸው ከዚያ በኋላ ሕመሙ ጸንቶባቸው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው የታጠበው ከቦኖው በተቀዳ ውኃ ነው።

ልጆቻቸው ረታ፣ አለምና ፀሐይነሽ፣ ሰባት የልጅ ልጆችም ተርፈዋቸዋል። ጌታ ነፍሳቸውን ከአቶ መኩሪያ፣ ከሣባና ከኃይሉ ጋር ያገናኝልን። እዚህ ከቆማችሁት ያ ቀለም ጣቱን የነካው ካለ ዛሬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያልቅስላቸው። ለአቶ መኩሪያ ያኔ አልተለቀሰም ነበርና።